ግልጽ ደብዳቤ፦ የአምባሳደርነት ዘመናችን ከማጠሩ በፊት የት እንደሚባክን ይታይልን

ለወጣት አምባሳደሮች መርሐ ግብር አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የወጣት አምባሳደሮች የአገልግሎት ዘመን ከ12 ወር ወደ 6 ወር ዝቅ እንዲል የተወሰነውን ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና አስተባባሪዎች፤

ከመጪው ዙር ጀምሮ ሐይቁንና የከተማውን ንጽሕና የሚመለከተው የወጣት አምባሳደርነት አገልግሎት ስድስት ወር ብቻ እንዲሆን መወሰኑ በስብሰባ ተነግሮናል። የተሰጠን ምክንያት አምባሳደሮች በዓመት ውስጥ ያመጡት ለውጥ አነስተኛ ነው፣ ዕድሉም ለብዙ ወጣት ይዳረስ የሚል ነው። ዕድሉ ለብዙዎች ቢደርስ ደስ ይለናል። ለውጡ ከተጠበቀው በታች መሆኑንም አንክድም። የማንስማማው ጥፋቱ በዘመኑ ርዝመት ላይ በመላከኩ ነው። ዓመቱ የተበላው ደብዳቤ በመጠበቅ፣ ለሥነ ሥርዓት ማድመቂያ በመቆምና በደረሰኝ ክርክር ነው። እነዚህ እንዳሉ ቀርተው ዘመኑ በግማሽ ቢቆረጥ ተቆርጦ የሚወድቀው ሥራው ይሆናል።

በመጀመሪያ የወቅቱ ነገር። ሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ወንዝና ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ ይዘውት የገቡት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውኃው በአብዛኛው በትነት ይቀንሳል፤ ፌስታሉ፣ የሞተር ዘይቱና የሳሙናው ፎስፌት ግን አይተንም። ስለዚህ ቆሻሻው ገና ቦይ ውስጥ ሳለ መያዝ አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው ጊዜ ደግሞ በልጉ ሳይጥል ጥርና የካቲት ላይ ነው። በበጋው ወራት ቦይ ውስጥ የተጠራቀመ ሃይላንድና ፌስታል የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ዕለት ጠራርጎት ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዳርቻ ላይ የሚደረግ ጽዳት ያመለጠን ማሳደድ ነው።

ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ጊዜ አላቸው። መስከረም በምዝገባና በክፍል ድልድል ያልፋል። ክበባት በቅጡ የሚቋቋሙት ጥቅምት ውስጥ ነው። ጥር የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነው። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈተና ዝግጅት ሌላ ነገር ለመስማት ጊዜ የላቸውም፤ መምህራኑም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ አምባሳደር ተማሪዎችን ረጋ ብሎ የሚያገኝባቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መግቢያ። አሁን የስድስት ወሩን ዘመን በዚህ የጊዜ ሰሌዳ ላይ አስቀምጡት። ከመስከረም እስከ የካቲት የሚያገለግል ልጅ ተማሪዎችን አሰልጥኖ፣ ቦይ የሚጸዳበት ጊዜ እንዳለቀ ይሰናበታል፤ ጎርፉ ምን እንዳመጣ አያይም። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚያገለግለው ደግሞ ሁለት ወር እንደሠራ ተማሪው ወደ ፈተና ዝግጅት ይገባበታል፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ይዘጋበታል። ሁለቱም የጀመሩትን አይጨርሱም። ዓመት የሚለው ልክ ለዚህ ሥራ የወጣው በልማድ አይደለም፤ ሐይቁ አንድ ዙር በጋና ክረምት ስለሚፈልግ ነው።

ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

ብዙ ጊዜ የሚበላው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የሚሰጠን ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ነው። ርዕሰ መምህር በዚህ ደብዳቤ ሰው ወደ ክፍል ማስገባት ይከብደዋል፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ ተጠያቂው እሱ ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክበቡ ኃላፊ መምህር ቀጠሮ ይዞ፣ ተማሪዎችን ሰብስቦ እየጠበቀ ሳለ አምባሳደሮቹ ከበር ተመለሱ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የቀደመው ዙር ነበር። በሌላው ደግሞ «በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይምጣልን» ተባለ፤ ክፍለ ከተማው «ከእናንተ መሥሪያ ቤት በቁጥር ይምጣ» አለ፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ፈራሚው ስልጠና ላይ ናቸው አለ። ይህ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ የጥቅምትን የተሻለ ጊዜ ወስዶታል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ስም ይጻፍ፤ ወጪ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ የአምባሳደሮቹን ስም፣ የሚመጡበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚያስተምሩትን ርዕስና አገልግሎታቸው የሚያበቃበትን ቀን ይግለጽ፤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በዚያው ዕለት ይድረስ። ይህ ከመስከረም 20 በፊት ቢያልቅ ጥቅምት ሙሉው የሥራ ወር ይሆናል።

ስልጠናውን በተመለከተ፣ በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ስለ አመራርነትና ስለ ንግግር ችሎታ ሰምተናል። ያ ራሱ ክፋት የለውም። ነገር ግን ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሐይቁ መቆሸሹን በምን ታውቃላችሁ?» ሲል የሚመለስለት ነገር በእጃችን አልነበረም። ሐይቅን መለካት ከሁሉ በላይ የሚያሳምን ትምህርት ነው፤ ርካሽም ነው። ሴኪ ዲስክ የሚባለው መሣሪያ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ከላሜራ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ይቆረጣል፣ እንደ ኬክ ለአራት ተከፍሎ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ እየተባለ ይቀባል፣ መሐሉ ተበስቶ ገመድ ይታሰርበታል፣ ከሥሩ እንዳይንሳፈፍ ክብደት ይንጠለጠላል። ገመዱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረግበታል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከቆመች ጀልባ ጥላ ካረፈበት ጎን፣ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት መዝግቦ፣ ትንሽ አውርዶ፣ መልሶ እየሳቡ እንደገና የሚታይበትን መመዝገብ፤ የሁለቱ አማካይ ውኃው በዕለቱ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ ያሳያል።

የሚያበላሹትም ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቀጭን ናይለን ገመድ ሲርስ ይሳባል፣ ስለዚህ ምልክቱ ይዋሻል፤ በየወሩ በሜትር ዳግመኛ መፈተሽ አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ንባቡ አይታመንም፤ ጠዋት ይሻላል። የፀሐይ መነጽር ማውለቅ ግድ ነው። የሰው ዓይን ስለሚለያይ ሁለት ሰው ይንበብ፣ በየወሩም የሚያነቡት እነዚያው ይሁኑ። ከዳር ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም፤ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፣ የረገጡትም ጭቃ ያደፈርሰዋል። ጀልባ ላይ ደግሞ ሕይወት አድን ጃኬት ያላደረገ አይውጣ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ያለ ወላጅ ፊርማ አይሳፈር። በአንድ ቦታ በየወሩ የተወሰደ ቁጥር በዝናብ ወራት ሲያሽቆለቁል ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ቢታይ፣ አፈሩ ከየት እየታጠበ እንደሚመጣ ተማሪው ራሱ ይጠይቃል። ለስልጠናው አዳራሽ ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱ ለየክፍለ ከተማው አንድ አንድ ዲስክ ያሠራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነን የጽዳት ዘመቻው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ይመለሳል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ «በጀት አልተለቀቀም» ሲባል የቆየው ሁሉ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከመራል፤ ቲሸርት ይታተማል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አምባሳደሮች ከትምህርት ገበታ ተጠርተው ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋሉ። ሰኔ ውስጥ በተደረገ አንድ ጽዳት በጠዋቱ የተሞሉት ጆንያዎች ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተደርድረው ቀሩ፤ መኪናው አልመጣም። አንዳንዶቹ ጆንያዎች ውስጥ የዓሣ አንጀት ስለተቀላቀለ ሌሊት ውሾች ዘነጠሏቸው፣ ሲነጋ አሞራዎቹ ቀሪውን ጎተቱ፤ ማታ ላይ የጣለው ዝናብ ፌስታሉን መልሶ ወደ ውኃው ወሰደው። ፎቶው ግን ማለዳውኑ ተለጥፎ ነበር። ሲያጸዱ የዋሉት ልጆች በማግስቱ ያዩትን ካዩ በኋላ ለሚቀጥለው ዘመቻ መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ጽዳት ሲታቀድ የሚቀድመው መኪናው ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱና የሹፌሩ ስልክ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ቀኑ መታወጅ የለበትም። ለ30 ሰው ቢያንስ 60 ጆንያ፣ ለእያንዳንዱ ወፍራም ጓንት፣ ለየቡድኑ የብረት መቆንጠጫ፣ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ያስፈልጋል። መለየት እዚያው ነው፤ ሃይላንዱ ለብቻው ይታሰርና ለቆራሌው ይሰጣል ወይም ይሸጣል፣ የምግብና የዓሣ ተረፈ ምርት ለብቻው፣ ፌስታልና ሌላው ለብቻው። እያንዳንዱ ጆንያ ተመዝኖ ይመዝገብ፤ «ብዙ ቆሻሻ ተነሳ» የሚል ሪፖርት ለከርሞ ማነጻጸሪያ አይሆንም። በዳርቻው ያለውን ሣርና ደንገል እንዲያጸዱ ልጆችን ማዘዝ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች የሚሸሸጉት እዚያ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ፈልፍላ የምትለቃቸውም ወደዚያው ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። በባዶ እግር ውኃ መግባት ይከልከል፤ ሐይቁ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቦቲ ጫማ ይቅረብ። ሥራውም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይጀመር፤ ማለዳና ምሽት ጉማሬ ከዳር የሚገኝበት ሰዓት ነው።

ሌላው ከደንብ አስከባሪ ጋር መሰለፋችን ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ አምባሳደሮች በገበያ ውስጥ ከቁጥጥር ቡድን ጎን እንዲቆሙ የተደረገበት ጊዜ አለ። ሕጉን እንደግፋለን፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ሆኖም ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠች እናት አንድ ጊዜ ንብረቷ ሲወሰድ እዚያ ቆሞ ያየችውን ወጣት ዳግመኛ አትሰማውም። ገበያ ላይ የተቀመጡ ነጋዴዎች ባጃችንን ከሩቅ ሲያዩ ፌስታሉን ከሥራቸው ይደብቃሉ፤ ከዚያ ወዲህ ከነሱ ጋር ንግግር የለም። የአምባሳደር ሥራ «እሺ፣ በምን ልጠቅልል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መሄድ ነው፤ ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ የሚሰፉ ማኅበራትን ከነጋዴው ጋር ማገናኘት፣ ዋጋውን አብሮ ማስላት ነው። ባጃጅ ሐይቅ ዳር የሚያጥቡትን ልጆችም እንዲሁ፤ አታጥቡ ከማለት በፊት ዘይትና ጭቃ የሚያስቀር ጉድጓድ ያለበት ማጠቢያ የት እንዳለ ማሳየት ይጠበቅብናል። እናንተ ይህን ቦታ ሳታመቻቹ እኛን ወደነሱ መላክ እኛንም እነሱንም ማጋጨት ነው።

የትራንስፖርት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሥራ ያስቀረው ግን እሱ ነው። ሒሳብ ለማወራረድ ሕጋዊ ደረሰኝ አምጡ ትላላችሁ። በሐዋሳ ውስጥ የምንሄደው በባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ደረሰኝ አይቆርጥም። ስለዚህ አምባሳደሩ ከኪሱ ከፍሎ ይሄዳል፣ ገንዘቡ አይመለስለትም፣ ከዚያ በእግር የሚደርስበትን ብቻ ይመርጣል። ሐዌላ ቱላ የከተማው ራቅ ያለ ክፍል በመሆኑ ብቻ በየዙሩ አነስተኛ ጉብኝት የሚደረግለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተማሪዎቹ ፍላጎት ማጣት አይደለም። በየክፍለ ከተማው ርቀት ተመን ይውጣ፤ አምባሳደሩ ትምህርት ቤቱ በፈረመበትና ማኅተም ባደረገበት የመገኛ ቅጽ ብቻ በወሩ መጨረሻ በቴሌብር ይከፈለው። የነዳጅ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ተመኑ ይከለስ።

ሪፖርቱም ይታሰብበት። ቅጹ የሚጠይቀው የተሳታፊ ብዛትን ነው፤ በወንድና በሴት፣ በዕድሜ። ስለዚህ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ለመላው ትምህርት ቤት ለአምስት ደቂቃ የተናገረ አምባሳደር ከአንድ ክበብ ጋር ሙሉ መንፈቅ ዓመት ከሠራው ይበልጣል። ቅጹ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ ባለፈው ወር የተስማማንበት ነገር ምን ነበር፣ አሁን ሄደን ስናየው ምን ሆኗል፣ ያልሆነው ለምን።

ሌሎቹን ባጭሩ። ስብሰባ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ አይጠራ፤ ሴት አምባሳደሮች ሲመሽ የሚገቡበት ቤት አለ፣ ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር በዚሁ ሰበብ ተጋጭተው አቋርጠዋል። ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ አይያዝ፤ በዊልቸር የሚሄድ አምባሳደር አለን። የማስተማሪያ ጽሑፉ በሲዳምኛም ይታተም፤ ቱላ ውስጥ ላሉ ወላጆች በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት መስጠት ሥራውን ጎደሎ ያደርገዋል። ሐይቅ ውስጥ ሲታጠቡ የተነሱ ሕፃናት ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በገጻችሁ ላይ መለጠፉ ይቁም።

ርክክብን በሚመለከት፣ የምናውቀው ሁሉ ከኛ ጋር ሊሄድ ነው። የትኛው ርዕሰ መምህር ይተባበራል፣ የትኛው ቦይ ቀድሞ ይደፈናል፣ የባጃጅ ማኅበሩን ማን ያነጋግራል፣ የዲስኩ ንባብ የት ተመዘገበ የሚለውን ተቀባዩ ዙር ከባዶ ይጀምረዋል። የአንድ ወር መደራረብ ብቻ ይህን ያስቀራል።

የሚተኩን ወጣቶች ይህን ደብዳቤ ስለሚያነቡት ለእነሱም የምንለው አለ። ዘመናችሁ አጭር ነው፤ ሐዋሳን በሙሉ አትያዙ። አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ሰፈር ምረጡ። የመጀመሪያውን ወር አታስተምሩ፣ ስሙ፤ አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አጥማጆችን፣ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች፣ ጉሊት ያሉ እናቶችን፣ ቆራሌውን። ክፍል ስትገቡ 40 ደቂቃውን ሁሉ አትናገሩበት፤ አምስት ደቂቃ አንድ ነገር አሳዩ፣ አሥር ደቂቃ አብራሩ፣ የቀረው የተማሪው ይሁን፤ ስትወጡ ግን ተማሪዎቹ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርጉት አንድ ነገር ተስማምታችሁ ውጡ፣ ሄዳችሁም እዩት። በሳምንት የምትችሉት አራት ሰዓት ከሆነ አራት ሰዓት ብላችሁ በጽሑፍ አስታውቁ። በፈተና ሳምንት አንመጣም ማለት መብታችሁ ነው። በእጃችሁ የሌለውን፣ ገንዳም ቢሆን ማጠቢያም ቢሆን፣ ለማንም ቃል አትግቡ።

ስለሆነም ከጽሕፈት ቤቱ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ዘመኑን ወደ ስድስት ወር የሚያወርደው ውሳኔ ለአንድ ዓመት ይታገድና ከላይ የዘረዘርናቸው ማነቆዎች ተፈትተው ውጤቱ ይመዘን። ብዙ ወጣት እንዲዳረስ ከተፈለገ ዘመኑን ከመቁረጥ ይልቅ የአምባሳደሩ ቁጥር በየክፍለ ከተማው ይጨምር። የድጋፍ ደብዳቤዎች ከመስከረም 20 በፊት በየትምህርት ቤቱ ስም ይውጡ። የቦይ ጽዳት በጀት ከጥር በፊት ይለቀቅ፤ መኪና ያልተረጋገጠለት ጽዳት አይታወጅ። አምባሳደሮች ከደንብ ቁጥጥር ሥራ ሙሉ በሙሉ ይለዩ። የትራንስፖርት ተመንና የመገኛ ቅጽ በሥራ ላይ ይዋል፤ ያልተከፈለ የዘንድሮ ወጪም በፈረምንባቸው ቅጾች ታይቶ ይከፈል። ከመሰናበታችን በፊት ለርክክብ አንድ ወር ይመደብልን፤ በዚህ ወር አበል አንጠይቅም።

መልሱ ለመጪው ዙር ምልመላ ማስታወቂያ ሳይወጣ በጽሑፍ እንዲደርሰን፣ ለመነጋገርም ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ባመቻችሁት ቦታ ለመገኘት ዝግጁ መሆናችንን እንገልጻለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የዘንድሮው ዙር ወጣት አምባሳደሮች የየክፍለ ከተማው ተወካዮች
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለመጪው ዙር አምባሳደሮች
ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ኃላፊ መምህራን